ሕጉማ ወጥቷል፤ ሲገባ ያየው ማን ነው?

«ሕጉ እኮ ወጥቷል! ከዚህ በላይ ምን እናድርግላችሁ?» አሉኝ ጋሼ።

«መውጣቱንማ ሰምተናል ጋሼ። ከአዲስ አበባ ወጥቷል። ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ሲወርድ ያየው ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም» አልኳቸው።

ጋሼ የአንድ ሰው ስም እንዳይመስላችሁ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የጀበና ቡና በሚፈላበት ጥግ ሁሉ በርጩማ ይዘው የሚገኙ፣ ጡረታቸውን ከመንግሥት፣ ክርክራቸውን ከሬዲዮ፣ ስኳራቸውን ከእኛ የሚቀበሉ አባቶችና አጎቶች ናቸው፤ አጎት ለመሆን የቸኮሉ ጎረምሶችም አሉበት። አንቱ የምላቸው ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ለብዛታቸውም ነው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ የሴቶች እኩልነት በሕግ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ማርች 8 በመጣ ቁጥር ቲሸርት አሳትሞ ጉታራ አዳራሽ መሰብሰብና በድምፅ ማጉያ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ትርፍ ድካም ነው።

በቲሸርቱ እስማማለሁ። ዓመት ሳይሞላው የባሎች የሌሊት ልብስ ሆኖ ነው የሚያልቀው። በቀረው ግን አፌን አልይዝም።

«አንቀጽ 35ን አንብቢው» አሉኝ ጋሼ፣ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ።

«አንብቤዋለሁ። 1987 ላይ የጸደቀ፣ የሚያምር አንቀጽ ነው። ሴት ከወንድ እኩል ናት ይላል። በጋብቻም እኩል ናት ይላል። መሬትን ጨምሮ ንብረት ታፈራለች፣ ታስተዳድራለች፣ ትወርሳለች ይላል። ጎጂ ልማድ ተከልክሏል ይላል። ምን ልበልዎት፣ ይኼ አንቀጽ ወንድ ቢሆን ኖሮ ከቦዲቲ እስከ ገሱባ የማታገባው ሴት አትገኝም ነበር። ጠባዩም የአንዳንድ ባል ነው፤ ውጭ ውጭውን ሲያወሩለት ደስ ይላል፣ ቤት ግን አይገባም።»

«ሕግ እግር የለው! ማን ያስገባው?»

«እሱን ነው የምልዎት ጋሼ። ሰው ነው የሚያስገባው። ልናስገባው ስንነሣ ደግሞ ‹ምን ያስጮኻችኋል› ትሉናላችሁ።»

ጋሼ የሚናፍቁት ዘመን አለ፤ የጃንሆይ ዘመን። «ያኔ ሥርዓት ነበር» ይላሉ። አዎ ነበር። 1952 ላይ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሾሞ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ብሎ ነበር። ዝቅ ብሎም ባልየው ለሚስቱ አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሥራ ይላል። ደመወዝ የማይጠይቅ ቅጥር ማለት ይኼ ነው። ለጋብቻ ወንዱ 18 ዓመት ሲጠበቅበት ሴቷ 15 ይበቃት ነበር።

«እሱማ ቀረ» አሉ ጋሼ።

«መቼ ቀረ?»

ዝም።

«ልንገርዎት፤ 1992 ላይ ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ! ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ አንቀጽ 635 ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ በኋላ እንኳ ‹እኩል ናቸው› የሚለውና ‹ትታዘዘው› የሚለው ሕግ አምስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ማን ያስነሣው መሰልዎት? በ1987 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ጥናት እያቀረቡ፣ ስብሰባ እየጠሩ፣ ጋዜጣና ሬዲዮ እያዳረሱ፣ የምክር ቤት ደጅ እየጠኑ። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ 213/1992፣ እርስዎ ትርፍ ከሚሉት ጩኸት የተወለደ ልጅ ነው። የእኛ ክልል፣ ያኔ ደቡብ እያለን፣ የራሱን የቤተሰብ ሕግ እስኪያወጣ ደግሞ ሌላ አራት ዓመት ጠብቀናል።»

ጋሼ ሲሸነፉ ወደ ተረት ይሸሻሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ።

«ምኑ ነው የሚያልቀው ጋሼ? ትዕግሥቷ?»

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት።»

«ይቺኛዋ እንኳ ጊዜዋ አልፏል። ከ2011 እስከ 2015 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። እርስዎ ከማጀት ሳይጠሯቸው መጥተው ችሎቱን መሩት።»

«አየሽ! አንቺው መሰከርሽ! ሴት የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች፣ ሴት የአገር ፕሬዚዳንት ሆነች፣ የካቢኔው ግማሽ ሴት ሆነ… ምን ቀራችሁ?»

ይኼን ክርክር ወደድኩት። የቀድሞዋ ፕሬዚዳንት የሣህለወርቅ ዘውዴ ስም በተነሣ ቁጥር ጋሼ ሴቶችን ሁሉ ቤተ መንግሥት ያስገቡ ይመስላቸዋል። ሹመቱ ደስ ብሎናል፤ ልጆቻችን አይተውታል። ነገር ግን 2011 ላይ አሥር ሴቶች ሚኒስትር ሲሆኑ የሁምቦዋ እናት እንስራዋን አውርዳ አላረፈችም፤ ሹመቱ አዲስ አበባ፣ ውኃው ወንዝ ዳር ነበር።

ጠለፋን ሳነሣ ደግሞ ጋሼ ፈገግ አሉ፤ የሆነች ነገር ትዝ ያለቻቸው መሰለኝ። «ድሮ እኮ ጠለፋ ፍቅር ነበር» አሉ።

«ለጠላፊው ነዋ! ለተጠለፈችዋማ ሩጫ ነበር።»

ያ «ፍቅር» ሕግም ነበረው። በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንድ ሰው ልጅቱን ጠልፎ ወይም ደፍሮ ሲያበቃ በሕግ ካገባት ከቅጣቱ ነፃ ይወጣ ነበር። ወንጀሉ ጥሎሽ ሆኖ ተቆጠረለት ማለት ነው። 1980ዎቹ መገባደጃ ላይ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። ያው ማኅበር ጠበቃ ሆኖላት ከሁለት ዓመት በኋላ በነፃ ተለቀቀች። «ድፍረት» የሚለው ፊልም የተሠራው ከዚያ ታሪክ ነው። አገሩ በጉዳዩ ሲነጋገር ከርሞ፣ 1997 ላይ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስራል፤ ኋላ ቢያገባትም አይምረውም።

«ይኸው ቀረ አይደል?» አሉ ጋሼ።

«ግንቦት 2015 ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተጠለፈች። ሐዋሳ ደግሞ ከሶዶ ጠዋት ተነሥተው ምሳ የሚደርሱበት ከተማ ነው። ያኔ አንቀጽ 587 ከወጣ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። ጠልፏታል ተብሎ ሲፈለግ የነበረውም ሬዲዮ ያልደረሰው ገበሬ አልነበረም፤ መሣሪያ የታጠቀ የጸጥታ ባልደረባ ነበር፤ ሕጉን ሊያስከብር ደመወዝ የሚከፈለው። ከቀናት በኋላ ነፃ የወጣችው አገሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ስሟን እየጠራ ሲጮህ ነው። በዚያ ሳምንት ‹ሕጉ አለ፣ ዝም በሉ› ብንል ኖሮስ?»

ጋሼ መለስ አሉና ጠንካራውን ካርዳቸውን መዘዙ። መሬት።

«መሬትስ? የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ነው። ፎቶዋ ከፎቶው ጎን ተለጥፏል። ከዚህ ወዲያ እኩልነት የት ይገኛል?»

እኔ አልመለስኩም። ቡና የምታፈላልን እህት መለሰችላቸው፤ ማራገቢያዋን ሳታቆም። «ፎቶዬ ደብተሩ ላይ ነው፤ ደብተሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ወገቡ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛዋ ሚስቱ ጋ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላይታ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ሥር መሬት ነውና። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በዚያች ቁራጭ ላይ እንሰቱ አለ፣ ቡናው አለ፣ ጎደሬውና ስኳር ድንቹ አለ። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምትቀብረውና የምታወጣው ሴቷ ናት። ወተቱን የምትንጠው፣ ቅቤውን ሶዶ ገበያ ተሸክማ የምትወርደውም እሷ ናት። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ባሎች ለበሬ ሲያዋጡ እሷ ለቅቤው ታዋጣለች። የድሮው ደቡብ ክልል በ1999 ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደብተሩ በሁለቱም ስም ይሁን ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም። ባሏ የሞተባት ሴት ፎቶዋን አሳይታ ከባሏ ወንድሞች ማሳዋን የምታስጥልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ደብተሩ ሚስትነትን ያያል፤ ልጅነትን አያይም። ሴት ልጅ የአባቷን መሬት ልትካፈል ስትጠይቅ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሟ «አንቺ ባልሽ ጋ መሬት አለሽ» ይላታል። ስትፋታ ደግሞ የባሏ ዘመድ «መሬትሽ አባትሽ ጋ ነው» ይላታል። በሁለት ወገን መሬት አላት የምትባለዋ ሴት ጎጆ የምትቀልስበት ታጣለች።

«ታዲያ ሕጉ ይፈቅድላታል! ለምን አትከስም?» አሉ ጋሼ።

«ማንን ትክሰስ?»

«ወንድሟን!»

«ባሏ የመታት ቀን በሌሊት ሮጣ የምትገባው ማን ቤት ነው?»

ጋሼ መልሱን ያውቁታል። የወንድሟ ቤት ነው። መሬቷን በሕግ ብትወስድ መጠጊያዋን ታጣለች። ስለዚህ ታሰላና ትተወዋለች። ሞኝ ሆና አይደለም፤ ሒሳቡን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። የሕጉ ቀዳዳ ያለው እዚህ ነው። ሕጉ መብቱን ለእያንዳንዷ ለብቻዋ ሰጥቷታል፤ ብቻዋን ሄዳ ስትጠይቅ ግን «ወንድሟን የከሰሰች» ትባላለች። ያ ስም ከማሳው ይልቅ ይከብዳል። በአንድ ቀበሌ አርባ እህቶች በአንድ ወቅት ሲጠይቁ ግን «የከሰሰችው» የምትባል አትኖርም፤ ሁሉም ከሳሽ ናትና። ወንድሞችም ለገበያ የሚያወሩት ወሬ ያጣሉ። የአደባባይ ጩኸት ዋና ሥራው ይኼ ይመስለኛል፤ ባለሥልጣን ከማስደንገጥ ይልቅ ሴቲቱን ከብቸኝነቷ ያወጣታል። ሰልፉን፣ ስብሰባውን፣ የሬዲዮ ፕሮግራሙን የምንፈልገው ለዚህ ነው።

«ሽማግሌ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ? በእኛ ባህል ጪማ እያለ ፍርድ ቤት መሮጥ ነውር ነው።»

ለሽማግሌ ክብር አለኝ። ጪማዎቹ ደም ያደርቃሉ፤ ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት የሚያጓትተውን በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የቤተሰብን ጉዳይ በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቅዷል፤ ቅድመ ሁኔታው የተከራካሪዎቹ ፈቃደኝነት ነው። ታዲያ ፈቃዷ እንዴት ይጠየቃል? አባቷ በቀኝ፣ አማቷ በግራ፣ ባሏ ከፊት፣ ጪማዎቹ በክብ ተቀምጠው «ፈቃድሽ ነው ልጄ?» ይሏታል። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ አንገቷን ትነቀንቃለች። ያን ንቅናቄ ፈቃድ ነው ብሎ የመዘገበ ሰው ሙሽራ ስታለቅስም ከደስታዋ ብዛት ነው የሚል ነው።

ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብትልስ? ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች፤ ደስ ብሎን ጨፍረናል። ምክር ቤቱ አርባ ምንጭ ሄደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲላ። ለከተሞቹ ፍትሐዊ ክፍፍል ነው፤ አልከራከርም። ይግባኝ የምትል የኪንዶ ኮይሻ ሴት ግን ሕጓ አርባ ምንጭ ይወጣል፣ ሶዶ ይፈጸማል፣ ዲላ ይፈረዳል። የትራንስፖርቱን በመብቷ ላይ ደምሩላት።

ጋሼ ቡናቸውን ጨርሰው ሁለተኛውን እየጠበቁ «ዝም ብትሉ ይሻላችኋል፤ ሕጉ ራሱ ቀስ እያለ ይሠራል» አሉኝ።

«ሞክረነዋል እኮ ጋሼ! ዝምታውን ለዐሥር ዓመት ሞክረነዋል።»

በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥሩ 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሴቶች እኩልነትና በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ውኃ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ችግኝ ትከሉ፣ ዱቄት አድሉ፤ ሴት እኩል ናት ብላችሁ ግን አትናገሩ ማለት ነበር። ያ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹን አሰናበተ፤ ነፃ ጥብቅናውም ተመናመነ። ማኅበሩን ለማገድ ሲሞከር የመጀመሪያው አልነበረም፤ 1993 ሲያልቅም በዛቻ ስትሰቃይ የነበረች አንዲት ሴትን ጉዳይ ይዞ የፍትሕ ሚኒስቴርን በመተቸቱ ለሳምንታት ታግዶ ያውቃል። አዋጅ 621 የተሻረው 2011 ላይ በአዋጅ 1113 ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ከአንቀጽ 35 አንዲት ፊደል አልተቀነሰችም። የቤተሰብ ሕጉ ነበር። የወንጀል ሕጉም ነበር። የጎደለው ሕጉን ለሴቲቱ የሚያነብላትና አብሯት ችሎት የሚቆም ሰው ነበር። «ሕጉ ካለ ጩኸቱ ለምን» ለሚል ሁሉ መልሱ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

«እሺ ይሁንልሽ። ሴቶቹ ራሳቸውስ? ዱላ ይገባናል የሚሉት ሴቶቹ ራሳቸው እኮ ናቸው!»

ይኼኛዋ ጥይት ዒላማዋን አልሳተችም፤ ልሸፍነው አልችልም። በ2008 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አምስት ምክንያቶች ተዘርዝረው ነበር፦ ምግብ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ አልጋ ከከለከለችው። ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹስ? 28 በመቶ።

«አየሽ! እኛ ተሻልን!» ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ተሻላችሁ ጋሼ፤ በወረቀት። የሚመታው ‹ነውር ነው› ሲል የምትመታዋ ‹ይገባኛል› የምትለው ለምን ይመስልዎታል? የማይቀርላትን ነገር ይገባኛል ብላ ካልተቀበለችው ማግሥቱን እንዴት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች? ደግሞ ቁጥሩ የት እንደነበረ ይዩ። በ1997 ይኸው ጥናት ሲካሄድ 81 በመቶ ነበር። በ11 ዓመት 18 ነጥብ ወርዷል። ሚስትን መምታት ወንጀል ነው የሚለውን ገጽ ያነበበች ሴት ከመቶ ስንት ትገኛለች? ፊደል ላልቆጠረችው ነገሩ የደረሳት በሰው አፍ ነው፤ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ በትምህርት ቤት ክበብ ከምትሳተፍ ልጇ፣ በሬዲዮ። እነዚያ 18 ነጥቦች የወሬ ሥራ ናቸው። እርስዎ ትርፍ የሚሉት ወሬ።»

«ባህል በወሬ አይቀየርም!»

«ጎረቤታችን ከምባታ ይሂዱና ይጠይቁ።»

ቦጋለች ገብሬ ከምባታ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተገርዛ፣ ኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ፣ ኋላም አሜሪካ የተማረች ሴት ነበረች። 1989 ላይ ተመልሳ ድርጅቷን ስታቋቁም ግርዛትን ልታስቀር ነው የመጣችው፤ የአገሯ ሰው ግን መጀመሪያ የጠየቃት ድልድይ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሰው ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ «አሁን እንነጋገር» አለች። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አሮጊቱም ጎረምሳውም ክብ ሠርተው ተነጋገሩ፤ የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው ነው። የወንጀል ሕጉ ግርዛትን ገና ሳይከለክል አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ተዳረች፤ ሙሽራውም በእሷ ደስተኛ መሆኑን በራሱ ደረት ላይ ለጥፎ አጠገቧ ቆመ። እንዲህ ባለ ሰርግ ላይ የተገኘ ጎረምሳ «ያልተገረዘችን ማን ያገባታል» ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ መልሱን በዓይኑ አይቶታል። ሕጉ ሲመጣ በከምባታ ብዙ ቦታ የጠበቀው ተዘጋጅቶ የቆየ ሰው ነው። የቦጋለች ሥራ ወደ እኛ ወላይታም ዘልቆ ነበር። 2012 ላይ አረፈች። ነፍስ ይማር።

ጋሼም «ነፍስ ይማር» አሉ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ለልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ወጪ በሬ የሸጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሴት ናት።

«ግን እኮ» አሉ ወዲያው፣ ሐዘኑን ሳያራዝሙ፣ «ሕጉ በራሱ ሙሉ ነው። የጎደለው አፈጻጸም ነው።»

ይቺ ንግግር ከስብሰባ የተማሯት ናት። ባለሥልጣኑም የሚላት እሷን ነው። ሙሉ ነው? እንየው እስቲ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 650 ሁለት ማግባትን ይከለክላል። አንቀጽ 651 ደግሞ ወዲያው ተከትሎ፣ ሕግ በሚያውቀው ሃይማኖት ወይም ባህል መሠረት ከሆነ ክልከላው አይሠራም ይላል። በፊት በር አስወጥቶ በጓሮ በር ማስገባት ነው። አንቀጽ 620 ደግሞ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጪ ብሎ አጥሮታል። እናም ቡና አፍይዋ እህታችን ቁልፉን ወገቡ ላይ ያሰረው ባሏ ሲመለስ አልፈልግም የማለት መብቷን በወንጀል ሕጉ ውስጥ ብትፈልገው አታገኘውም።

ግርዛትስ? አንቀጽ 565 ገራዧን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣታል።

«አምስት መቶ ብር?» ጋሼ ደነገጡ። ብር ሲነሣ ሁላችንም ቁም ነገረኛ እንሆናለን።

«አዎ፤ ዳኛው ከፍ ማድረግ ይችላል። መነሻው ግን እሱ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ የሥጋ ሰው ነዎት። ዛሬ በ500 ብር ሶዶ ሥጋ ቤት ገብተው አንድ ኪሎ ቁርጥ ከነዳጣው ይዘው ይወጣሉ?»

«ኧረ የምን አንድ ኪሎ!»

«እንግዲያው የልጅ ገላ ተቆርጦ መነሻ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ቁርጥ ያነሰ ነው። ሕጉ ሙሉ ነው አላሉኝም?»

ጋሼ ለትንሽ ጊዜ ጠፉብኝ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

የምለውማ ይኼ ነው። አርባ ምንጭ የተቀመጠው የክልላችን ምክር ቤት አባላት ስለ ሴቶች ሲነሣ «ሕጉ አለ» ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አይለፉ፤ ከአዲስ አበባ አንቀጽ 651፣ 620 እና 565 እንዲታረሙ ይጠይቁ፤ እዚህ ደግሞ ይግባኝ ባይዋ ዲላ ድረስ የማትሄድበትን መንገድ ያብጁ። ጪማዎቹ ሴቲቱን ፈቃዷን ሲጠይቁ ዘመድ በሌለበት ይጠይቋት። አብያተ ክርስቲያናት በእሑድ ስብከት መካከል ስለ ሴት ልጅ ውርስ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ወላይታ ውስጥ የሰባኪው ድምፅ ከነጋሪት ጋዜጣ ይልቅ ርቆ ይሰማል። ጋሼ ደግሞ መንደራቸው ያለውን የራሳቸውን የመሬት ደብተር ያውጡና ለእትዬ ይስጧቸው፤ አንድ ሳምንት ብቻ እሳቸው ጋ ይደር። ሰማይ አይወርድም።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ይኼን የምታነቢ ወይም ሲነበብ የምትሰሚ፣ ደብተሩ ላይ ስምሽና ፎቶሽ መኖሩን ዛሬውኑ አይተሽ አረጋግጪ። ከሌለ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ሄደሽ ጠይቂ። ጋብቻሽ ካልተመዘገበ አስመዝግቢ። የሕጉ ቋንቋ ከከበደሽ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሳታፍሪ ግቢ። የአባትሽን ድርሻ ልትጠይቂ ከሆነ ግን ብቻሽን አትሂጂ፤ እህቶችሽን፣ የአጎትሽን ልጆች፣ የጎረቤትሽን ሴት ልጆች ጠርተሽ አንድ ቀን ቅጠሩና አብራችሁ ሂዱ።